ሳያዩ የጾሙትን አስቡ

ልጆቼ፣ የገና ጾም የሚገባበትን ወቅት ልብ ብላችሁታል? ኅዳር እኩሌታ ላይ ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ አውድማው በእበት ተለቅልቋል፣ በሬው እየዞረ ያበራያል፣ ባዶ የከረመው ጎተራ መሙላት ጀምሯል። ላሟም የክረምቱን ሣር ጠግባ ወተቷ ገና አልነጠፈም። እንዲህ ባለው ሰሞን ነው ቤተ ክርስቲያን «እጃችሁን ሰብስቡ» የምትለን። ሰው አጥቶ ቢራብ ችግር ነው፤ ቤቱ ሞልቶ ሳለ መራብን ከመረጠ ግን ከእህሉ የሚበልጥ የሚጠብቀው ነገር አለው ማለት ነው። ዛሬ ልመክራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ስለሚጠበቀው ነገርና ስለ አጠባበቃችን ነው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና መጀመሪያ ጾሙን እንወቀው። ኅዳር 15 ይገባል፤ በልደት ዋዜማ ያበቃል። ልደት ሦስቱን ዓመት ታኅሣሥ 29 ይውላል፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28። መምህራን ሲተነትኑት አርባው የነቢያት ነው፣ ሦስቱ በአብርሃም ሶርያዊ ምክንያት የተጨመሩ ናቸው፣ አንዱ የዋዜማው ገሃድ ነው ይላሉ። ስሙም ብዙ ነው፤ ጾመ አዳም፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ስብከት፣ ጾመ ፊልጶስ፣ ጾመ ማርያም እየተባለ ይጠራል። አዳም ከገነት ወጥቶ የተሰጠውን ተስፋ ጠበቀ። ነቢያት የተናገሩትን ጠበቁ። እመቤታችን ፀንሳ ጠበቀች። የፊልጶስ ደቀ መዛሙርት የመምህራቸው ሥጋ ተሰውሮባቸው እስኪያገኙት ድረስ ጾመው ጠበቁ። በአንዱ ጾም ውስጥ ይህን ያህል ሰው ቆሟል።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልግባ። ኢሳይያስ ድንግል እንደምትፀንስ የተናገረው ጌታ ከመወለዱ ከ700 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ሚክያስም በዚያው ዘመን ቤተ ልሔምን በስሟ ጠርቶ፣ ትንሽ ብትሆንም ገዢ እንደሚወጣባት ተናገረ። ኤርምያስ ስለ አዲሱ ኪዳን ተናገረ፤ ያተረፈው ግን ጭቃ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ መጣል ነው። ከእነዚህ አንዱም ሕፃኑን በግርግም ተኝቶ አላየውም። ጌታ ራሱ ለደቀ መዛሙርቱ ሲነግራቸው፣ ብዙ ነቢያትና ጻድቃን እናንተ የምታዩትን ለማየት ተመኝተው ሳያዩ አለፉ ብሏቸዋል። እንግዲህ የገና ጾም ማለት ራሳቸው ላልደረሱበት ደስታ የጾሙ ሰዎች ጾም ነው። ተርበው የደከሙበትን ድግስ የበላነው እኛ ነን።

ይህን ደጋግሜ የምላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ዛሬ ወጣቱ «ሱባዔ ገብቼ ምንም አላገኘሁም» ሲል እሰማለሁ። ሰባት ቀን ጾሞ በስምንተኛው መልሱን ይፈልጋል፤ ሲዘገይበት ይተወዋል፣ ወይ ደግሞ ቶሎ ይሰጣል የተባለ ቦታ ፍለጋ ይዞራል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ለራሳችሁ ለምኑ፣ አትለምኑ አልልም። ነገር ግን ከምትለምኑት ነገር አንዱ እንኳ እናንተ የማትበሉት፣ የልጅ ልጆቻችሁ የሚበሉት ይሁን። ለአገራችሁ ሰላም፣ ገና ላልተወለደ ልጅ ሃይማኖት፣ ለማታውቁት እስረኛ መፈታት ለምኑ። ነቢያት የጾሙት እንዲህ ነው።

አባቶቻችን ይህን የመጠበቅ ዘመን እንዳንረሳው በቁጥር ውስጥ ቀብረውልናል። ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ የሚያወጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ እዩ። ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ይዞ አይነሣም። 5500ውን ዓመተ ፍዳ፣ አዳምና ልጆቹ አዳኛቸውን የጠበቁበትን ዘመን፣ አስቀድሞ ይይዛል። ለምሳሌ 2018ን ሲደምርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህን ለ4 ሲያካፍለው 2 ይተርፈዋል፤ ዘመኑ የማርቆስ ነው። ቀናቸው በየዓመቱ የሚለዋወጠው አጽዋማትና በዓላትም የሚወጡት ከዚሁ ዓመተ ዓለም ተነሥቶ ነው። የተጠበቀበት ዘመን ካልተደመረ የምሕረቱ ዘመን ብቻውን ስሌት አይሆንም። እኔ ይህን በልጅነቴ እንደ ሒሳብ ተማርሁት፤ ስሸመግል ነው ስብከት መሆኑ የገባኝ።

መጠበቅ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ነቢዩ ዕንባቆም ክፋት በዝቶ ፍርድ ሲጓደል አይቶ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ከዚያም በመጠበቂያው ላይ ወጥቶ መልሱን ጠበቀ። ቢዘገይ እንኳ እንዲጠብቀው፣ መምጣቱ እንደማይቀር ተነገረው። እኔ ይህን ሳነብ ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ የሚወጣው የአገራችን ልጅ ይታየኛል። ወንጭፉን ይዞ ከንጋት እስከ ማታ ይጮኻል። ማሽላውን የሚያበስለው እሱ አይደለም፤ ፀሐይና ፈጣሪ ናቸው። ይሁን እንጂ እሱ ያንቀላፋ እንደሆነ ወፍ ይጨርሰዋል። የእኛም ጾም እንደዚያ ነው። ጌታን የምናመጣው እኛ አይደለንም፤ በራሱ ፈቃድ ይመጣል። ልባችንን ከሚለቅመው ወፍ መጠበቅ ግን የእኛ ፈንታ ነው።

በሉቃስ ወንጌል መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሽማግሌዎች አስቡ። ልደትን ቀድመው የሰሙትና ያዩት አብዛኞቹ የደከሙ ሰዎች ናቸው። ካህኑ ዘካርያስና ሚስቱ ኤልሳቤጥ ልጅ ሳይወልዱ አርጅተዋል። ዕጣ ወጥቶለት ዕጣን ሊያጥን ሲገባ ቅዱስ ገብርኤል ተገልጦ ልጅ እንደሚወልድ ነገረው። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለው ተረታችን በእነርሱ ቤት በእውነት ሲፈጸም ታዩታላችሁ። ዘካርያስ ግን ለማመን ተቸገረ፤ አንደበቱ ተዘጋ። ልጁ ተወልዶ ስም እስኪወጣለት ድረስ በምልክት ሲያናግር ከረመ። ብዙዎች ይህን እንደ ቅጣት ብቻ ያዩታል። እኔ ጾምም ነበር እላለሁ። የለመነውን ሊቀበል የተዘጋጀ ሰው ጥቂት ዝም ማለት ነበረበት፤ አፉ ሲከፈትም የመጀመሪያ ቃሉ ምስጋና ሆነ።

እንግዲህ በጾሙ ወራት አፋችሁንም አስጹሙት። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይሉ የነበረው ሰው ለሰው ፊት ለፊት በሚነጋገርበት ዘመን ነው። ዛሬ አፋችን በእጃችን ገብቷል። ሥጋና ቅቤ ትቶ ሽሮ የሚበላ ክርስቲያን፣ በዚያው ቀን በፌስቡክና በቲክቶክ የማያውቀውን ሰው በዘሩ ሲሰድብ ይውላል። ልጆቼ፣ ይህ ከሥጋ መብላት ይከፋል። የላም ሥጋ ትቶ የወንድምን ሥጋ መብላት ነው። ለዚህ ጾም አንድ ደንብ ብቻ ስጠን ብትሉኝ፣ ማታ ራት ከበላችሁ በኋላ ስልኩን አጥፉትና መዝሙረ ዳዊት አንሡ ነው የምላችሁ።

በዚያው በሉቃስ ወንጌል ደግሞ ነቢይት ሐና አለች። ከባሏ ጋር ሰባት ዓመት ብቻ ኖራ መበለት ሆነች፤ ዕድሜዋ 84 ዓመት እስኪሆን ከቤተ መቅደስ አልተለየችም። ሌትና ቀን በጾምና በጸሎት ትኖር ነበር። ስምዖን አረጋዊም በዚያው በኢየሩሳሌም ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መጻሕፍትን ወደ ግሪክ ቋንቋ ከተረጎሙት ሊቃውንት አንዱ እንደነበረ፣ የኢሳይያስን ቃል ተጠራጥሮ እስኪያየው ድረስ በሕይወት እንደቆየ ይነግረናል። ያን ቀን ቤተ መቅደሱ ምን ይመስል እንደነበር እስኪ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ካህናት ይወጣሉ ይገባሉ፣ መሥዋዕት ይጨሳል፣ እርግብ ሻጩ ይጣራል። በዚያ ግርግር መካከል ከናዝሬት የመጣች ወጣት እናትና አንድ አረጋዊ ጠባቂዋ ሕፃን ይዘው ገቡ። ለመሥዋዕት የያዙት የድሃ መሥዋዕት ነው፣ ሁለት ወፎች። ማንም ዘወር ብሎ አላያቸውም። ያወቋቸው ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ስምዖን ሕፃኑን ታቀፈው፤ ሐናም በዚያች ሰዓት መጥታ አመሰገነች፣ የኢየሩሳሌምን ቤዛነት ለሚጠብቁት ሁሉ ነገረች።

ሌሎቹ ሳያዩ እነዚህ ሁለቱ እንዴት አዩ? ሲጠብቁ ስለኖሩ ነው። ጾም ዓይን ያጠራል።

የዚህን ተቃራኒ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ሄሮድስ ግቢ ሂዱ። ሰብአ ሰገል ከሩቅ ምሥራቅ ኮከብ እየተከተሉ መጥተው፣ የተወለደው ንጉሥ ወዴት ነው ሲሉ ሄሮድስ የካህናት አለቆችንና ጸሐፍትን ሰበሰበ። ጸሐፍቱም ሳይደናገሩ የሚክያስን ትንቢት ጠቅሰው ቤተ ልሔም ነው አሉ። መልሱ ትክክል ነበር። ከኢየሩሳሌም እስከ ቤተ ልሔም ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ታዲያ አንዱም ጸሐፊ ተነሥቶ ሄደ ተብሎ አልተጻፈም። እንግዶቹ ሄዱ፣ ባለ መጽሐፎቹ ቀሩ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው። ልጆቼ፣ እኔ በእናንተ የምፈራው ይህንኑ ነው። የልደትን ታሪክ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስትጠየቁ አትሳሳቱም፤ ቤተ ልሔም ድረስ ግን አትሄዱም።

በታኅሣሥ ውስጥ ያሉትን ሦስት ሰንበታት አክብሩ። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ስብከት ነው፤ ከ14 ጀምሮ ብርሃን ነው፤ ከ21 ጀምሮ ኖላዊ ነው። በመጀመሪያው ሙሴና ነቢያት የጻፉለትን አገኘነው ብሎ ፊልጶስ ናትናኤልን ሲጠራው እንሰማለን። በሁለተኛው ለሰው ሁሉ የሚያበራው እውነተኛ ብርሃን ይነገራል። በሦስተኛው በጎ እረኛ ስለ በጎቹ ነፍሱን ሲሰጥ እናያለን። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ወሬ ነው የሚደርሰን፤ ቀጥሎ ዓይናችን ይበራል፤ በመጨረሻ የምንጠብቀው ሰው እኛን ፍለጋ የወጣ ሆኖ ይገኛል። እኛ ስንጠብቅ እርሱ ደግሞ ይፈልገን ነበር። በእነዚህ ሦስት ሰንበታት ከቅዳሴ አትቅሩ፤ ቅዳሴ መሄድ የማትችሉ ምንባቡን በቤታችሁ አንብቡት።

አሁን ስለ ሦስቱ ቀን ላውራችሁ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ታሪክ ይህ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ አብርሃም ሶርያዊ የሚባል ፓትርያርክ ነበር። የካይሮው ኸሊፋ አል-ሙዒዝ ጠርቶት፣ የሰናፍጭ ቅንጣት ታህል እምነት ያለው ተራራ ያዛውራል የሚለው የመጽሐፋችሁ ቃል እውነት ከሆነ የሙቀጠምን ተራራ አዛውረህ አሳየኝ፣ አለዚያ ሕዝብህ መከራ ያገኘዋል አለው። ፓትርያርኩ የሦስት ቀን ጊዜ ጠይቆ ከሕዝቡ ጋር ጾመ። በሦስተኛው ቀን እመቤታችን ተገልጣ፣ ወደ ገበያ ውጣ፣ ውሃ የተሸከመ አንድ ዓይና ሰው ታገኛለህ፣ ተአምሩ በእርሱ እጅ ይፈጸማል አለችው። ሰውየው ቆዳ ፋቂውና ጫማ ሰፊው ስምዖን ነው።

ይህ ሰው በየማለዳው ከሥራው በፊት ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? ውሃ እየቀዳ፣ ወጥተው መቅዳት ለማይችሉ ሽማግሌዎችና በሽተኞች በየቤታቸው ያደርስ ነበር። ያደርገው የነበረ ይኸው ነው። አልሰበከም፣ አልተሾመም። ተራራው ከመነሣቱ በፊትም ስሜን ለማንም አትንገርብኝ ብሎ ፓትርያርኩን ለመነው፤ ተራራው ከተነሣ በኋላ ዞር ብለው ቢፈልጉት አጡት። ቤተ ክርስቲያን በአርባው የነቢያት ጾም ላይ ሦስት ቀን የጨመረችው ለዚህ መታሰቢያ ነው። እንግዲህ የገና ጾም ስትጾሙ ሦስቱን ቀን የምትጾሙት የአንድ ውሃ አመላላሽ ድሃ ጸሎት ተራራ ስላነሣ መሆኑን አትርሱ።

እናንተም ውሃ አድርሱ። ይህን በምሳሌ አልተናገርሁም። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሌሊት ጄሪካን ተሸክማ ደረጃ መውጣት የማትችል አሮጊት በእያንዳንዱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አለች። አንኳኩና ቅዱላት። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላሉ፤ ጾም የታዘዘው ሆዳችን ጥቂት ጎድሎ የሌላው ሆድ እንዲታየን ነው። በቁርስ ያልበላችሁት እንጀራ በመሶባችሁ ከቀረ ጾሙ ገና እኩሌታ ነው። ለሌላ ሰው መድረስ አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ማእድ አንድ ነገር ልበል። ጎመን፣ ምስር፣ ተልባ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ ይህ የጾም ምግብ ነው፤ ጣፋጭም ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ዛሬ ግን በየካፌው የጾም ማክያቶ፣ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር መጥቷል። እነዚህን የሚበላ ጾሙን ሻረ አልልም። ነገር ግን ጾሙ ሲገባ ወጪያችሁ ካልቀነሰና ሐሳባችሁ ሁሉ የተከለከለውን የሚመስል ነገር ፍለጋ ከሆነ፣ ሆዳችሁ አልጾመም፤ ልብስ ቀየረ እንጂ። ደግሞም የታመማችሁ፣ ያረገዛችሁ፣ የምታጠቡ፣ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። ጾም ለሰው ተሠራ፤ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ለብቻው ጀግና መሆን የለበትም።

የገናን ጾም የካህናትና የአረጋውያን ብቻ አድርጋችሁ የምታዩ አላችሁ። ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ ሲሆን አገር ሁሉ ይጾማል፤ ይህ ሲመጣ ግን ዝም ተብሎ ይታለፋል። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል።» ይህ ጾም ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ነው። ሳይጠብቁ ገናን ማክበር ይቻላል፤ ዶሮውም ይታረዳል፣ ጠላውም ይጠጣል። የስምዖን አረጋዊና የሐና ደስታ ግን አይገኝም።

በውጭ አገር ላላችሁ ልጆቼ ጥያቄው ይከብዳል፤ አውቃለሁ። በአሜሪካና በአውሮፓ ዲሴምበር 25 ሲሆን ሱቁ ሁሉ ያጌጣል፣ የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የሥራ ባልደረባ ስጦታ ይሰጣል። በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ነው፣ በጾም ላይ ነን። ጃንዋሪ 7 ሲመጣ ደግሞ ሥራም ትምህርትም ተጀምሯል፣ ዛፉ ተጥሏል። ልጆቹ የፊተኛውን በሙሉ ልብ አላከበሩ፣ የኋለኛው በሥራ ቀን አለፈባቸው፤ «ከሁለት ያጣ ጎመን» ሆኑ። ምክሬ ይህ ነው። የጎረቤታችሁን በዓል አትናቁ፣ እንኳን አደረሳችሁ በሉ። ለልጆቻችሁ ግን ታኅሣሥ 16 ምን ሰሞን እንደሆነ ንገሯቸው፤ ያ ሳምንት በእኛ ቤተ ክርስቲያን የብርሃን ሳምንት ነው። መንገዱ በመብራት ደምቆ ሲያዩ፣ እኛ የምንጠብቀው ብርሃን ይህ ነው ብላችሁ በየማታው አንድ ጧፍ አብርታችሁ አብራችሁ ጸልዩ። ጃንዋሪ 7ን ደግሞ ከወዲሁ ከሥራ ፈቃድ ጠይቁበት። እናት አባት ለበዓሉ ዋጋ ሲከፍሉለት ያየ ልጅ በዓሉን አይረሳውም።

ምዕራባውያን ክርስቲያኖችም የሚጠብቁበት ዘመን አላቸው። ካቶሊኮችና ሉተራውያን፣ የእኛ አገር መካነ ኢየሱስም ጭምር፣ ከልደት በፊት ያሉትን አራት እሑዶች አድቬንት ብለው ያከብራሉ፤ በየእሑዱ አንድ ሻማ ይጨምራሉ። ልማዱ የተጀመረው በ1839 እ.ኤ.አ. ሐምቡርግ ውስጥ ዮሐን ሂንሪሽ ቪኸርን የተባለ ሰው ለሚያሳድጋቸው ድሆች ልጆች የጋሪ መንኰራኵር ላይ ሻማ በመትከሉ ነው ይባላል። ልጆቹ በዓሉ መቼ ነው እያሉ በየቀኑ ይጠይቁት ነበርና። በሥርዓት ብንለያይም ሕፃናት በየትም አገር መጠበቅን የሚማሩት በዓይናቸው አይተው መሆኑን ያ ሰው አውቆታል።

በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሪ ልጄ፣ አንቺን ለብቻሽ ላናግርሽ። ቤተ ክርስቲያን መሄጃ ፈቃድ የለሽም፤ የምትበዪውንም አንቺ አትመርጪም። እመቤታችንም ስትጠብቅ በገዛ ቤቷ አልነበረችም። በንጉሥ ትእዛዝ ልትቆጠር መንገድ ወጥታ፣ በእንግዳ ማደሪያ ስፍራ አጥታ ነው የወለደችው። የምትችዪውን ያህል ጹሚ፤ ያልቻልሽውን እግዚአብሔር ያውቃል። ሌሊት በጓዳ ቆመሽ አቡነ ዘበሰማያት ካልሽ ጾመኛ ነሽ።

ስለ መጠበቅ ሳስብ ላሊበላ ትታወሰኛለች። ለልደት ምእመናን ከየአውራጃው በእግራቸው ብዙ ቀን ተጉዘው ይመጣሉ፤ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረው፣ ጾማቸውን ሳይፈቱ፣ በታኅሣሥ ቁር ሜዳ ላይ እያደሩ። የበዓሉ ለት ካህናቱ ከፊሉ በማሜ ጋራ ላይ፣ ከፊሉ ከታች በቤተ ማርያም ቅጽር ሆነው ቤዛ ኵሉ የሚለውን ዝማሬ ይቀባበላሉ፤ ላይኞቹ በመላእክት፣ ታችኞቹ በእረኞች አምሳል። ይህን ብዙ ሰው በቴሌቪዥን ያየዋል። እኔ የምወደው ግን በየደጁ የሚሆነውን ነው። የከተማው ሰው የደከመውን መንገደኛ ተቀብሎ፣ ውሃ አሙቆ፣ የተሰነጠቀ ተረከዙን ይዞ እግሩን ያጥበዋል። ስሙን እንኳ አይጠይቀውም። ሕፃኑን በግርግም ያየ ሰው እንግዳ ደጁ ሲመጣ በሩን አይዘጋም።

የመጨረሻው ነገር የአገር ነገር ነው። የምንጠብቀው የመጀመሪያውን መምጣት ብቻ አይደለም፤ ጌታ ለፍርድ ዳግመኛ እንደሚመጣ እናምናለን፤ ዛሬም የምንጠብቀው እርሱን ነው። ሲመጣ ምን ስንሠራ ያግኘን? ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ፣ ጦርም ማጭድ እንደሚሆን ያየው በሰላም ዘመን አልነበረም፤ የአሦር ጦር አገር እያቃጠለ ወደ ኢየሩሳሌም በሚገሰግስበት ዘመን ነው። «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል።» የእኛም ቀን አልፍቶናል፤ ብዙ ቤት ልጁን ቀብሯል፣ ብዙ ሰው ከቀየው ተፈናቅሎ በድንኳን ልደትን አሳልፏል። ሰላሙን እኔ ላላየው እችላለሁ፤ ዕድሜዬ ገፍቷል። ለዚያ ሰላም መጾሜን ግን አልተውም። እናንተም አትተዉ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ብቻችሁን አትጹሙ። ባልና ሚስት ተስማሙ፤ ልጆቹን በአቅማቸው አስለምዱ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ተጠራሩ። ኅዳር 12 በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይታጠናል፤ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ወዲህ የኖረ ልማድ ነው። ከዚያ እስከ ጾሙ መግቢያ ሦስት ቀን ብቻ ነው ያላችሁ። በእነዚያ ሦስት ቀናት የተኳረፋችሁትን ወንድም፣ የተለያችሁትን እኅት፣ በርስት የተካሰሳችሁትን ዘመድ ሽማግሌ ልካችሁ ታረቁ። እምቢ ቢላችሁ ሁለተኛ ላኩ። ከዚያ በኋላ ጾሙን ጀምሩ።